መኪናን እየሄደ ቻርጅ የሚያደርግ መንገድ፤ ለማን? በስንት ገንዘብ?

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ለፓርላማው ካስታወቁ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ የመኪና ወሬ መልኩን ቀይሯል። ድሮ ‹‹በሊትር ስንት ይሄዳል?›› እንባባል የነበርን ሰዎች ዛሬ ‹‹አንዴ ሞልቶ የት ያደርሳል?›› መባባል ጀምረናል። ሐዋሳ ደርሶ መመለስ ይቻል እንደሆነ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ምን እንደሚደረግ፣ ባትሪው ሲያረጅ መኪናው ስንት እንደሚሸጥ የማይጠይቅ የለም። ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር አንድ ሌላ ሐሳብ እየተደጋገመ ወደ ጆሮዬ ይገባል። መኪናው ቆሞ ሰዓት ሙሉ ቻርጅ ከሚደረግ፣ መንገዱ ራሱ ለምን እየሄደ መብራት አይሰጠውም? የሚል ነው።

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ቀልደኞች አይደሉም። መሐንዲሶች፣ የባንክ ሰዎችና አስመጪዎች ናቸው። ክርክራቸውም እንዲህ ነው። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እናወጣለን፤ ውኃው ግን የራሳችን ነው። እንግዲያው ከአስፋልት ሥር ሽቦ ቀብረን የጂቡቲን መስመር በኤሌክትሪክ ብናስኬደው ምን ይከለክለናል? ጥያቄው በ‹‹ይቅር›› የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ቴክኖሎጂው የት እንደደረሰ፣ የሞከሩት አገሮች ምን እንዳገኙና ለእኛ ሒሳቡ ምን እንደሚመስል ለማየት እሞክራለሁ።

ትራንስፎርመር ከአስፋልት ሥር

ነገሩ ተአምር የለበትም። በየሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር የሚሠራበት መርህ ነው። ትራንስፎርመር ውስጥ የማይነካኩ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። በአንደኛው ላይ ተለዋዋጭ ጅረት ሲያልፍ በዙሪያው ማግኔታዊ መስክ ይፈጠራል፤ ያ መስክ በሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ጅረት ያስነሳል። አንደኛውን ጥቅል ከአስፋልት ሥር ቅበሩት፣ ሁለተኛውን ከመኪናው ሆድ ሥር እሰሩት፤ የኤሌክትሪክ መንገድ የሚባለው ይኸው ነው። ልዩነቱ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ጥቅሎቹ በብረት እምብርት የተያያዙ ሲሆኑ፣ እዚህ በመካከላቸው አሥርና ሃያ ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ክፍተት መኖሩ ነው። ይህን ክፍተት ለማካካስ የጅረቱ ድግግሞሽ እጅግ ከፍ ማለት አለበት። ቤታችን የሚገባው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ቆመው ያለ ሽቦ ቻርጅ ለሚደረጉ አነስተኛ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የመሐንዲሶች ደረጃ የተመሠረተው ግን በሰከንድ 85 ሺህ ጊዜ ገደማ በሚመላለስ ጅረት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረውን አንድ ነገር ላጥራ። ኒኮላ ቴስላ ኃይልን ያለ ሽቦ ከአገር አገር ለመላክ ነበር ያለመው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ኒው ዮርክ አጠገብ ማሠራት የጀመረው ግንብም ሥራ ሳይጀምር በ1917 ፈረሰ። የመንገዱ ቴክኖሎጂ ከዚያ ሕልም ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። ኃይሉ የሚዘልለው ስንዝር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ከራቀ፣ ወይም ሾፌሩ ከመስመሩ ወደ ጎን ከወጣ፣ የሚደርሰው ኃይል ወዲያው ይቀንሳል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ሞሪስ ኡታንና ሞሪስ ለብላን የተባሉ ፈረንሳውያን መሐንዲሶች ባቡርን በዚህ መንገድ ለማንቀሳቀስ የአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1894፣ ማለትም ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀድመው ነው።

ከወረቀት ወደ አስፋልት በማውረድ ረገድ ደቡብ ኮሪያ ትቀድማለች። ካይስት የተባለው የኮሪያ ከፍተኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮጀክቱን እ.ኤ.አ. በ2009 ጀመረ፤ በዓመቱ በሴኡል ታላቁ ፓርክ ጎብኚዎችን የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ በዚህ ዘዴ አስኬደ። በነሐሴ 2013 ደግሞ ጉሚ በተባለችው ከተማ ደርሶ መልሱ 24 ኪሎ ሜትር በሆነ መስመር ላይ ሁለት የሕዝብ አውቶቡሶችን አሠማራ። አውቶቡሶቹ 100 ኪሎ ዋት ኃይል 17 ሴንቲ ሜትር ከሚሆን ክፍተት በላይ ይቀበሉ ነበር፤ ከሚላከው ኃይል 85 በመቶው ይደርሳቸው ነበር። መንገዱ በሙሉ አልተቀበረበትም፤ ከ5 እስከ 15 በመቶው ብቻ በቂ ነው ተባለ። የባትሪውም መጠን በተለመደው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ላይ ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። የኤሌክትሪክ መንገድ ዋናው ማመካኛ ባትሪን ማሳነስ ነበርና።

የደቂቃ ሒሳብ

ቪዲዮዎቹ የማይነግሩን ሒሳብ አለ። አንድ መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። መንገዱ 20 ኪሎ ዋት ቢሰጠው በዚያች ደቂቃ የሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና በኪሎ ሜትር አንድ ስድስተኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚበላ፣ ሽቦ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል ማለት ነው። ጥሩ ነው። ሆኖም ለቤት መኪና ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርግለታል? የከተማ ሰው በቀን የሚነዳው ርቀት ሌሊት ከቤቱ ሶኬት በሚያገኘው ይሸፈናል። አነስተኛ መኪና ላለው ሰው የኤሌክትሪክ መንገድ የሌለበትን ችግር የሚፈታ መፍትሔ ነው።

ከባድ መኪና ላይ ነው ነገሩ ቁም ነገር የሚሆነው። 40 ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ በሜዳ መንገድ በኪሎ ሜትር 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር በ45 ሰከንድ ያልቃል፤ መንገዱ 100 ኪሎ ዋት ቢሰጥ የሚያገኘው 1.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በዚህ አቅም መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሽቦ ካልተቀበረበት መኪናው ራሱን አይችልም። በ200 ኪሎ ዋት ከሆነ ግን ግማሹ ይበቃል። ለዚህም ነው ተመራማሪዎቹ ሁሉ ኃይሉን ከፍ ለማድረግ የሚረባረቡት። ከፓሪስ ደቡብ ምዕራብ በኤ10 አውራ ጎዳና ላይ በ1.5 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲሞከር በአማካይ ከ200 ኪሎ ዋት በላይ፣ ለአፍታ ደግሞ ከ300 ኪሎ ዋት በላይ ማስተላለፉ ተገልጿል። ከዚያ በፊት በስዊድን ጎትላንድ ደሴት ላይ 1.6 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ የተሞከረው ከባድ መኪና ያገኝ የነበረው 70 ኪሎ ዋት ገደማ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ የታየው እድገት የሚናቅ አይደለም።

በአሜሪካም ዲትሮይት ከተማ 14ኛ ጎዳና ላይ 400 ሜትር ያህል መንገድ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። የሚቺጋን ግዛት ድርሻ ብቻ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለ400 ሜትር! የሙከራ ዋጋ ከጅምላ ሥራ ዋጋ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቁጥሩ ከአእምሮ አይጠፋም።

ስዊድን ለምን ቆመች?

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠው የስዊድን ታሪክ ይመስለኛል። ስዊድን በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ያልሄደውን ያህል ሄዳለች። በ2016 እ.ኤ.አ. ሳንድቪከን አጠገብ ከመኪናው በላይ በተዘረጋ ሽቦ፣ በ2018 አርላንዳ አጠገብ አስፋልት ውስጥ በተቀበረ ሐዲድ፣ በኋላም ጎትላንድ ላይ ያለ ሽቦ ሞክራለች። ከዚያ በሃልስበርግና በኦሬብሮ መካከል በኢ20 አውራ ጎዳና ላይ 21 ኪሎ ሜትር ቋሚ የኤሌክትሪክ መንገድ ለመሥራት ጨረታ አወጣች። በ2023 ግን የአገሪቱ የትራንስፖርት አስተዳደር የቀረቡት ዋጋዎች ከተያዘው በጀት በላይ ሆነው ስላገኛቸው ጨረታውን ሰረዘው።

ልብ እንበል። ሀብታም አገር ናት፤ የኤሌክትሪክ ኃይሏ ከውኃ፣ ከኒውክሌርና ከነፋስ የሚመነጭ ነው፤ ሦስቱንም ቴክኖሎጂ በእጇ ሞክራ አይታለች። ያም ሆኖ 21 ኪሎ ሜትር ከበደቻት። ጀርመንም ዳርምሽታት አጠገብ በኤ5 ጎዳና ላይ ከ2019 ጀምሮ በላይ ሽቦ የሞከረችውን መስመር ሙከራው በ2024 መጨረሻ ሲያበቃ አላስፋፋችውም።

በበኩሌ ዋናው ምክንያት የመሐንዲሶቹ ድክመት ነው ብዬ አላምንም። የኤሌክትሪክ መንገዱን ያጠቃው ባትሪ ነው። ኮሪያውያኑ ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ ማለትም በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ የሊቲየም ባትሪ ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት በ2023 ወደ 139፣ በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ረገፈ ማለት ነው። ባትሪ እንደ ወርቅ በሚሸጥበት ዘመን ባትሪን የሚያሳንስ መንገድ መሥራት ብልህነት ነበር። ባትሪው ሲረክስ ግን ሽቦው አልረከሰም፤ አስፋልት መቆፈርም አልረከሰም። ዛሬ 600 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ተሸክሞ 500 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከባድ የጭነት መኪና በጀርመን ፋብሪካ በብዛት እየተመረተ ነው። ሾፌሩ ምሳ ሲበላ መኪናውም ይበላል።

ከጂቡቲ አቀበት ጋር ስንጋፈጥ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጂቡቲ ነው። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መነሻው ባሕር ዳርቻ፣ መድረሻው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ። የእኛ ችግር ደግሞ ጭነቱ የሚመጣው ወደ ላይ መሆኑ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ብረቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲመለስ ብዙው መኪና ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት ቁልቁል ይወርዳል። 40 ቶንን 2,300 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ የጎማና የነፋስ ግጭት ሳይታሰብ፣ 250 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ይህ ፊዚክስ ነው፤ በቴክኖሎጂ አይቀነስም። የሜዳውን ፍጆታ ስንጨምርበት አንድ መኪና አዲስ አበባ እስኪደርስ 1,400 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል። ትልቁን ባትሪ የተሸከመው መኪና እንኳ በመንገድ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መቆም ይኖርበታል።

ስለዚህ ወዳጆቼ ለጂቡቲ መስመር መከራከራቸው መሠረት አለው። መንገዱ ለኤሌክትሪክ መኪና ፈታኝ ነው፤ ነዳጁ በዶላር ነው። ነገር ግን በፈረንሳዩ 200 ኪሎ ዋት ሒሳብ እንኳ ብንሄድ ግማሹን፣ ማለትም 450 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት መክፈት ሊኖርብን ነው፤ ያውም ለሽቅቡ አቅጣጫ ብቻ። ስዊድንን የከበዳት 21 ነበር። ከዚያ ላይ ደግሞ የግድቡ ኃይል በራሱ ወደ አስፋልቱ አይዘልቅም። በመንገዱ ዳር ሁሉ የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር፣ በየአንድና ሁለት ኪሎ ሜትሩ ድግግሞሹን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ፣ ከዚያም ማከፋፈያ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። የእኛ ችግር ማመንጨት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ማድረስ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት ባላገኘበት አገር የአፋርን በረሃ አቋርጦ ለሚያልፍ አስፋልት ይህን ሁሉ መስመር ስንዘረጋ፣ በግራና በቀኝ ያለው መንደር በጨለማ ተቀምጦ ያየናል።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መንገድ አለን እኮ! ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የኢትዮ ጂቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኖ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። መኪና እየሄደ ከሽቦ ኃይል እንዲያገኝ ነው ምኞታችን፤ ባቡሩ ያንኑ ያደርጋል። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ደግሞ ጎማ በአስፋልት ላይ ከሚፈልገው ኃይል እጅግ ያነሰ ይበቃዋል። ያም ሆኖ አብዛኛው ጭነታችን ዛሬም በናፍጣ መኪና ነው የሚመጣው። ገንዘብ ካለን፣ የመጀመሪያው ዶላር ባቡሩ ሙሉ አቅሙን እንዲሠራ፣ ተጨማሪ ፉርጎ እንዲኖረው፣ ከመጋዘንና ከደረቅ ወደብ ጋር በወጉ እንዲገናኝ ቢወጣ በእያንዳንዱ ብር የምናድነው ነዳጅ ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ። ጣቢያው ላይ ከወረደ በኋላ ያለውን አጭር ርቀት ባለ ባትሪ መኪና ይጨርሰዋል።

የመለዋወጫ ነገርም አለ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድና 41 ባቡሮች ይዞ፣ በ475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፣ አብዛኛው በቻይና ብድር ተሠርቶ ነው የመጣው። ዓመታት ሲያልፉ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው በተደጋጋሚ የተዘገበ ነው። ባቡር ቢያንስ በብዙ አገር ይሠራል፤ መለዋወጫውን ከሌላ ቦታ ማፈላለግ ይቻላል። የኤሌክትሪክ መንገድ ግን እስካሁን በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ያለ ነገር ነው። የአንዱን ኩባንያ ጥቅል አስፋልት ውስጥ የቀበረ አገር፣ መኪኖቹም የዚያኑ ኩባንያ ተቀባይ እንዲገጥሙ ይገደዳል። ዛሬ ገበያ ላይ የምንገዛቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ይህ ተቀባይ ተገጥሞላቸው አይመጡም። መንገዱ ያለ መኪና፣ መኪናው ያለ መንገድ እንዳይቀር የሚያስማማ አካል ያስፈልጋል፤ ሒሳቡንስ ማን ይቆጥራል? በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያልፍ መኪና የበላውን ለባለቤቱ ቆጥሮ የሚያስከፍል ሥርዓት በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል።

ስለ ጤና የሚጠይቁም አሉ። በአጭሩ ለመመለስ፣ ጥቅሎቹ የሚነሱት መኪናው በላያቸው ሲያልፍ ብቻ ነው። ለሰው የተፈቀደው የማግኔታዊ መስክ መጠንም በዚህ ድግግሞሽ 27 ማይክሮ ቴስላ ሆኖ በዓለም አቀፍ መመሪያ ተቀምጧል። በደንብ የተሠራ መንገድ ከዚያ በታች መሆን ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጨረሩ ሳይሆን ቁፋሮው ነው። ዛሬ የተነጠፈ አስፋልት ነገ ለውኃ፣ ከነገ ወዲያ ለቴሌ ሲቆፈር ለምናይ ለእኛ፣ ከስምንትና ከአሥር ሴንቲ ሜትር በታች ውድ የመዳብ ጥቅል ተኝቷል ቢባል የመጀመሪያው ዶማ መቼ እንደሚያገኘው መገመት አያስቸግርም። የኬብል ሌባንም ሳንረሳ።

እንግዲህ ቴክኖሎጂው ለእኛ ጨርሶ አይሆንም ማለቴ ነው? አይደለም። ያለ ሽቦ ኃይል ማስተላለፍ ቆሞም ይሠራል፤ ቆሞ ሲሆን ደግሞ ርካሽ ነው። እንግሊዝ አገር ሚልተን ኪንስ በተባለችው ከተማ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስምንት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች በመስመራቸው መጨረሻ ፌርማታ ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከመሬት ውስጥ ካለ ጥቅል እየሞሉ ቀኑን ሙሉ እንዲሠሩ ተደርጓል። ሾፌሩ ገመድ አይጎትትም፤ ዝናብና አቧራ የሚገባበት ሶኬት የለም። መገናኛን ወይም ሜክሲኮን አስቡ። አውቶቡሱ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ለማንኛውም ይቆማል፤ ያ ጊዜ በከንቱ ያልፋል። 450 ኪሎ ሜትር ከመቆፈር ሁለት ተርሚናል ላይ አራት ጉድጓድ መቆፈር ይቀላል፤ ቢበላሽም የሚጎዳው አንድ ፌርማታ ነው።

አንድ ኩባንያ ነገ መጥቶ የኤሌክትሪክ መንገድ ልሥራላችሁ ቢለን፣ ጨረታውን የሚገመግሙት ሰዎች አስቀድመው ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲጠይቁልኝ እወዳለሁ። ከመሬት እስከ ባትሪ የሚደርሰው ኃይል መኪናው ወደ ጎን 20 ሴንቲ ሜትር ሲያፈነግጥ ስንት በመቶ ይሆናል? የሌላ ኩባንያ ተቀባይ የገጠመ መኪና ይጠቀምበታል ወይ? አስፋልቱ ሲቆፈርና ሲጠገን ወጪው በማን ነው? ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ከሥዕላዊው ቪዲዮ ጋር አብሮ ለሕዝብ ይፋ ይደረግ፤ የአንዱ ኪሎ ሜትር ዋጋም በዚያው ገንዘብ ከሚገዙት የባቡር ፉርጎዎች ቁጥር ጎን ይጻፍ።